ኅዳር ያጠነውን ጥር ሲፈልግ

ኅዳር 12 ማለዳ የዋግ ኽምራዋን ሰቆጣን ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ቁልቁል የተመለከተ እንግዳ፣ ከተማዋ ተያይዛ የምትነድ ሳይመስለው አይቀርም። ከየደጃፉ ጭስ ይወጣል። እናት ትጠርጋለች፣ ልጆች ይሰበስባሉ፣ አባት ክብሪት ይጭራል። አባወራው በዓመት አንድ ቀን ለጓሮ ጽዳት ቢነሳ ይኼኔ ነው፤ እሱም የሚነሳው ሥራው ውስጥ እሳት ስላለበት ነው። ሳል የያዘው ያስላል፣ ያልያዘውንም እስከ ረፋድ ድረስ ይይዘዋል። "ኅዳር ሲታጠን" ነውና በሽታው እየወጣልን ነው ብሎ ሁሉም ይጽናናል።

ነገሩ የመጣው ከክፉ ዘመን ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን የዞረው የስፔን ጉንፋን አገራችን ገብቶ አዲስ አበባን ቀባሪ አሳጣት፤ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ለጥቂት ተረፉ። ቆሻሻ ነው ያመጣብን ተባለና በኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት ጥራጊ እየተሰበሰበ ታጠነ፤ ልማዱም በዚያው ጸና። በሽታው በትንፋሽ እንጂ በጥራጊ እንደማይተላለፍ ከታወቀ ስንት ዘመኑ! ጥራጊው ግን ባልሠራው ወንጀል እስከ ዛሬ ቅጣቱን ይቀበላል።

እስቲ የሚነደውን ክምር ጠጋ ብለን እንየው። ከላይ የማሽላ አገዳ አለ። ከሥሩ ክረምቱን ሙሉ ያስቸገረው አረም ደርቆ ተኝቷል። የረገፈ የጌሾ ቅጠል፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ያረጀ የጎመን ቅጠል፣ ከፍየሎቹ ማደሪያ የተጠረገ በጠጥ። በመርከብ ያልመጣ፣ ብድር ያልተፈረመበት፣ ወረፋ ያልተጠበቀበት ማዳበሪያ ማለት ይኸው ነው። ከክምሩ ውስጥ ለአፈር ምንም የማይፈይደው ፌስታሉ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ነፋስ ሲነሳ ከእሳቱ አምልጦ የጎረቤት አጥር እሾህ ላይ ይሰቀላል። ከጥራጊው ሁሉ ብልጡ እሱ ነው።

እንግዲህ ሁለት ወር ይለፍና ጥር ይምጣ። ጥምቀት ወጥቶ፣ ቃና ዘገሊላ ተሸኝቶ፣ ሰርጉ እየተጋመሰ ሳለ በዋግ ኽምራ ቀበሌዎች የዘመቻ ጥሪ ይተላለፋል። በአማራ ክልል ጥርና የካቲት የተፋሰስ ልማት ወቅት ነው፤ ሰው አካፋና ዶማውን ይዞ ተራራ ላይ እርከን ይሠራል። በእርከኑ ቀልድ የለኝም። ዋግ አፈሯ በየክረምቱ በተከዜ በኩል ወደ ሱዳን ሲሰደድባት የኖረች አገር ናትና ድንጋይ የደረደረ እጅ ይባረክ። የኔ ወሬ በዚያው ሞቅታ ከተራራ ወርዶ ጓሮ ስለሚገባው የኮምፖስት ዘመቻ ነው።

የቀበሌው ዲኤ (የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ብሎ በሙሉ ማዕረጉ የሚጠራው የለም) ሰውን ሰብስቦ ያስተምራል። ትምህርቱ አንድ እንከን የለበትም። በዝናብ ወራት ክምር፣ በደረቅ ወራት ጉድጓድ ይላል፤ ጉድጓድ እርጥበት ይይዛልና። ከሥር አገዳና ጭራሮ፣ ቀጥሎ ደረቅ ቅጠልና ገለባ፣ ቀጥሎ እርጥብ ቅጠል፣ በላዩ እበትና ፍግ፣ ስስ አፈርና ትንሽ አመድ፤ እንደገና ከደረቁ መጀመር። ከመሃል ረጅም እንጨት ይተከላል። ከሳምንት በኋላ እንጨቱ ተነቅሎ ሲዳሰስ ከሞቀና ከረጠበ ብስባሹ ሥራውን ጀምሯል፤ ከደረቀ ውሃ ጠምቶታል። ከወር በኋላ ይገላበጣል፤ ሦስት አራት ወር ሲሞላው ጥቁር፣ የጫካ አፈር የሚሸት ነገር ሆኖ ይወጣል።

እንከኑ ያለው ከቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ለዚህ ጉድጓድ የሚሆነው እርጥብ ቅጠልና አረም በዋግ ምድር እንደ ልብ የሚገኘው መስከረምና ጥቅምት ነው። ዝናቡ ሰኔ መጨረሻ ላይ ገብቶ መስከረምን በቅጡ ሳይቀበል ይሰናበታል። ጥር ላይ ሰቆጣ ዙሪያ አረንጓዴ ነገር ቢፈለግ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለው ወይራና ጥድ፣ ቁልቋሉ፣ ከዚያ የዲኤው ጃኬት ነው።

"ደረቁ ቅጠል የት አለ?" ይላል ዲኤው።

"በኅዳር ሚካኤል አጠንነው" ይላሉ አንድ አዛውንት፣ የጽድቅ ሥራቸውን እንደሚናገር ሰው።

"እርጥቡስ?"

"እሱን ፍየል በላው።"

"እሺ፣ እበቱስ ጋሼ?"

"እበቱማ ኩበት ሆኖ ምጣድ ሥር ገባ፣ ልጄ።"

"እንግዲያው ጉድጓዱን እንቆፍር!" ይላል ዲኤው። መሬቱ ቢያንስ አልተቃጠለም፣ አልተበላም።

ጉድጓዱም ይቆፈራል። መቆፈር እናውቃለን፤ ጭብጨባም አለው። ሪፖርት የሚሞላው ደግሞ በሜትር ኩብ ስለሆነ፣ ርዝመቱ በወርዱ፣ እሱም በጥልቀቱ ይባዛና ጉድጓዱ ውስጥ ያለው አየር ኮምፖስት ተብሎ ይመዘገባል። አየሩ ከቀበሌ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይበስላል። "ሊዘጋጅ ታቅዷል" የነበረው "በመዘጋጀት ላይ" ይሆናል፤ "በመዘጋጀት ላይ" የነበረው "ተዘጋጅቷል" ሆኖ ያድራል። ሳይገላበጥ፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ያለ እበት የሚበስል ብስባሽ ያለው እኛ ዘንድ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ላም አለኝ በሰማይ፣ እበቷንም አላይ።

ክረምቱ ሲገባ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል። ጫጩት ይሰምጥበታል፣ ጥጃ እግሩን ይሰበርበታል፣ ከጠላ ቤት አምሽቶ የሚመለስ ጎረቤትም በሙሉ ሰውነቱ ይገባበታል። "ማነው እዚህ የቆፈረው?" ሲባል "ዘመቻው" የሚል መልስ ይሰጣል። ዘመቻ ደግሞ ተከሶ አያውቅም።

ኮምፖስቱ ራሱ እንዳይታማ አንድ ነገር ልበል። ከኛ ብዙም ሳይርቅ በትግራይ፣ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ የነበሩበት የዘላቂ ልማት ተቋም በ1988 ዓ.ም. ገደማ ከጥቂት መንደሮች ጋር ይህንኑ ሥራ ጀመረ። መሬቱ የተራቆተ፣ ዝናቡ የሚያሾፍ፣ ገበሬው ደሃ፣ ሁሉም እንደኛው። በደንብ የተሠራ ኮምፖስት የገባበት ማሳ ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲቆም፣ አንዳንዴም ሲበልጥ ታየ። ያን ያገኙት የእበቱን ጉድጓድ በእበት ስለሞሉት ነው። ሌላ ምስጢር አልነበረውም።

የዋግን እናት ኩበት ለምን አነደድሽ ብሎ የሚሰብክ ሰውም አላከብርም። እንጨቱ የለም፤ ያለውን ለማምጣት ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ፀሐይ ሲበረታ መመለስ ነው። እበቱ ለእሳቱም ለአፈሩም ይፈለጋል፤ እራት የማይበስልበት ቤት ደግሞ ስለ አፈር አያወራም። ሆኖም ሲነድ የሚጠፋው ሁሉም አይደለም። ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ፖታሺየሙና ፎስፎረሱ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ይህን አመድ ነው እንግዲህ ከምድጃ ዝቀን፣ ተሸክመን፣ መንገድ አቋርጠን ገደል አፋፍ ላይ የምንደፋው። ያውም በጓሮው መሃል አልፈን።

ጭዱም እንዲሁ ባለ ጉዳይ የበዛበት ነው። በሬው ይፈልገዋል፤ ግድግዳ የሚመርገው ሰው ከጭቃው ጋር ሊያቦካው ይፈልገዋል፤ ዲኤው ለጉድጓዱ ይፈልገዋል። ሜኔሶታ የሚኖር የአክስቴ ልጅ በታኅሣሥ ስልክ ይደውላል። በጋውን ጎመንና ቃሪያ ያበቀለባትን መደብ በረዶ ሳይጥል በቅጠልና በጭድ አልብሷታል፤ አሁን ሶፋ ላይ ተቀምጦ የዘር ካታሎግ እያገላበጠ ለመጋቢት ዕቅድ ያወጣል። ጭዱን ከሱቅ በዶላር ገዛሁ ሲለኝ ስልኩን ክፍት አድርጌው ነበርና ጎረቤቴ ሰማ።

"ስንት በሬ አለው?" አለኝ።

"በሬ የለውም።"

"ታዲያ ጭዱን ማን ሊበላው?"

"መሬቱ።"

ጎረቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ "ጥጋብ ክፉ ነው" ብሎ ወደ በሬዎቹ ሄደ።

አዲስ አበባም የራሷ ፈሊጥ አላት። "ኦርጋኒክ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ቲማቲም ላይ ዋጋ ጨምሮ መግዛት የሥልጣኔ ምልክት ሆኗል። ቲማቲሙ ጠባሳ ካለበት ይበልጥ ይታመናል። የኛ ሰው በተራው ጠባሳ የሌለበትን፣ ከቆቦ ሜዳ በመኪና የመጣውን፣ ቀይና አብረቅራቂውን ይመርጣል፤ የጎረቤቱ ጓሮ የበቀለውን "ምን ያረጋል፣ ትል አለበት" ይለዋል። ትሉ የከተማው ሰው ተጨማሪ ብር የሚከፍልበት የምስክር ወረቀት መሆኑን የነገረው የለም። በዋግ ብዙው ገበሬ ኦርጋኒክ የሆነው ኪሱ አስገድዶት ነው፤ ኪሱ የሞላለት ዓመት የመጀመሪያው ጉዞው ወደ ዩሪያ መሸጫ ነው። እምነቱን የቀየረ አይምሰለን፣ እምነትም አልነበረውም።

አሁን ደግሞ ስለ ጾም እናውራ። ጥራጊው በታጠነ በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 15፣ ጾመ ነቢያት ይገባል። እስከ ገና ድረስ ሥጋና ወተት የለም። ከዚያ እፎይ ሳይሉ የነነዌ ጾም፣ አስከትሎም ዓቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀኑን ይዞ ከች ይላል። ለጎመን ከዚህ የተሻለ ገበያ የሚያመጣለት ነጋዴ የለም፤ ሽሮው ብቻውን ያን ሁሉ ጊዜ ሊሸከም አይችልም። ቀን መቁጠሪያው ከጥንት ያልተለወጠ፣ የሚፆመው ሰው የታወቀ፣ የሚበላው ነገር የታወቀ። እኛ ግን ጾም በገባ በማግስቱ ገበያ ወጥተን የጎመን እስር ዋጋ ስንሰማ፣ ጾሙ ድንገት እንደተወሰነብን ሁሉ እንደነግጣለን። "ጎመን በጤና" ማለትን የምናውቀውን ያህል ጎመን በጓሮ ማለትን አልለመድንም።

ለምን አልተተከለም ሲባል በዓሉ ይጠራል። ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29፤ ቅዳሜና እሑዱ ሳይቆጠር። በነዚህ ቀናት አፈር መንካት ነውር ነው። እኔም በዓል አከብራለሁ፣ ክርክር የለኝም። የምታዘበው አንድ ነገር ነው። በበዓል ቀን ማረስ ሥራ ነው፣ መቆፈር ሥራ ነው፣ አጥር ማጠር ሥራ ነው። ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ፣ ጄሪካን በጀርባ ተሸክሞ፣ ዳገት ወጥቶ መምጣት ግን እስካሁን ሥራ መሆኑ አልተደረሰበትም፤ የምትሠራው ሴት ናትና።

እንግዲህ የዋግን የበጋ ጓሮ የያዘችው እሷው ናት። እኔ ከማውቃቸው አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም፤ እዚያው ሰቆጣ ዳር ከድንጋይ ቤታቸው በስተጀርባ ሁለት አልጋ የማታዘረጋ ጓሮ አለቻቸው። በበጋ መሬቱን ከፍ አያደርጉትም፤ ጎድጎድ ያደርጉታል፣ ያፈሰሱት ውሃ ወዴትም እንዳይሄድባቸው። ክረምት ሲገባ ይገለብጡትና ከፍ ያለ መደብ ይሆናል። ሦስተኛው ቡና ሲያልቅ አተላውን ጤና አዳሙ ሥር ይደፉታል፤ ጤና አዳሙ ደግሞ በማግስቱ ተቀንጥሶ ቡናው ውስጥ ይገባል። የድስት እጣቢ ለጎመኑ፣ የልብስ እጣቢ ለጌሾው ነው፤ ጎመኑ ሳሙና እንደማይወድ ማንም አላሠለጠናቸውም። ችግኙን ያፈሉት ከአገዳ በሠሩት ትንሽ ዳስ ጥላ ሥር ነው፤ ውሃ የሚሰጡት ፀሐይ ሳትወጣና ከገባች በኋላ ነው። አንዲት ትልቅ የጎመን እግር ሳትቆረጥ አብባ እንድታፈራ ይተዋታል። ማንም እንዳይነካት ቀይ ክር አስረውባታል፤ የሚመጣው ዓመት ዘር እሷ ናት። ዘሩ ሲደርቅ ከአመድ ጋር ተለውሶ ቅል ውስጥ ይገባል፤ ነቀዝ እዚያ አይደርስም። ጥራጊያቸውን ግን በኅዳር 12 እንኳ አያጥኑም፤ ለሚካኤል እጣን በከሰል ያጨሱና ጥራጊውን ጌሾው ሥር ይበትኑታል። ጎረቤት "ምነው እማማ፣ በሽታ አይፈሩም?" ሲላቸው "በሽታውስ ያው እናንተ ዘንድ ሲያስል ሰማሁት" አሉት።

የፍየልን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ፍየሏ ራሷ ትቆጣለች። የአበርገሌ ፍየል የዋግ ኩራት ናት፤ ድርቅ ችላ፣ እሾህ በልታ፣ ገደል ላይ ቆማ የምትስቅ ፍጥረት። መኸር ተሰብስቦ አውድማው ከተነሳ በኋላ አገሩ ሁሉ የሷ ነው፤ ልቅ ግጦሽ ይሉታል ባለሙያዎቹ። ሐምሌ ላይ ሰልፍ ወጥተን ችግኝ እንተክላለን፤ በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ያልተከለ እጅ፣ ሲተክል ፎቶ ያልተነሳ ሰው የለም። ጥር ላይ ፍየሏ ትመጣና አሻራችንን ትልሳለች። በበጋ ከሚሠሩ የጓሮ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ አጥር ማጥበቅ መሆኑን ከማንኛውም ማኑዋል በላይ ያስተማረችን እሷ ናት፤ ተማሪው ነው የጠፋው። ሰውዬው እሾህ ቆርጦ አጥሩን ይደፍናል፤ በሩን ግን ክፍት ይተዋል፤ ምክንያቱም በሩን የሠራው ለሰው ነው። ፍየሏም እንደ ሰው በበሩ ትገባለች።

ፍየል ያልበላውን ክሽክሽ ይጨርሰዋል። ዝናብ ሲጠፋ ጎመን ላይ የሚሰፍረው ይህ አመዳም ተባይ በውሃ እጥረት የተዳከመ ቅጠል ይወዳል። መድኃኒቱ በሥልጠና ተሰጥቷል፤ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ አድቅቆ፣ በውሃ ዘፍዝፎ አሳድሮ፣ አጥልሎ መርጨት። ይሠራል፣ አይቼዋለሁ። ግን ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ገበያ ላይ ስንት እንደገቡ የሚያውቅ ሰው፣ በጾም ቀን እሱ ራሱ ያላገኘውን ወጥ ለክሽክሽ ሠርቶ ማቅረብ ከበደው። አንዱ ቀመሰውና "ጨው ብቻ ነው የጎደለው" ብሎ ለራሱ አስቀረው። ጎረቤቱ ማለዳ ጤዛው ሳይጠፋ የምድጃ አመድ በወንፊት ነስንሶ ጎመኑን አዳነ፤ ለዚህ ሥልጠናም ውሎ አበልም አልነበረም፤ ስለዚህ እንደ ዘዴ አልተቆጠረለትም።

ሰቆጣ ስሟ ትልቅ ከተማ ናት። ዋግሹሞች የተቀመጡባት ብቻ አይደለችም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ገደማ ወደ ዜሮ ለማውረድ ቃል ሲገባ ቃሉን በስሟ ጠራው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ያየችውን ያየች አገር ለዚህ ስም ብትመረጥ አይበዛባትም። ከቃል ኪዳኑ ሥራዎች መካከል የጓሮ አትክልት አለበት፣ ዶሮና ላም አለበት፣ ንጹሕ ውሃ አለበት፤ ብዙ እናቶች ተጠቅመውበታል፣ ይህን የሚክድ ዓይን የለኝም። ትዝብቴ የምግብ አሠራር ማሳያ ተብሎ በየሰፈሩ ስለሚዘጋጀው ገንፎ ነው። ካሮቱ ይከተከታል፣ ጎመኑ ይጨመራል፣ እንቁላሉ ይመታል፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ዙሪያውን ይቆማሉ። ካሮቱ ገበያ ተገዝቶ የመጣ ነው፤ በቆሙበት ጓሮ አንድ እግር ካሮት የለም። ገንፎው ሲደርስ በቅድሚያ "እስቲ እንቅመሰው" የሚሉት እንግዶቹ ናቸው። መቀንጨራቸውን እንጃ፤ ጥሩ ይበላሉ። ለሕፃኑ አንድ ማንኪያ ይደርሰዋል፣ ያው አንድ ማንኪያ ፎቶ ላይ ይቀራል።

ባለፈው የበጋ ማገባደጃ ወደ እኚያ ባለ ጓሮ እናት፣ ወደ እማማ ሰፈር ኮሚቴ መጣ። ሞዴል ጓሮ ይመረጣል፣ ሽልማትም አለ ተባለ። ኮሚቴው የእማማን ጓሮ ሲያይ ዓይኑ በራ፤ አገሩ ሁሉ አመድ መስሎ ሳለ እዚያ ጎመን ጉልበት ድረስ ቆሟል። ቅጹን ያወጣው ልጅ መሙላት ጀመረ።

"እማማ፣ የኮምፖስት ጉድጓድዎ የት ነው?"

"ጉድጓድ የለኝም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ጎመኑ በምን እንዲህ ሆነ?"

"በጥራጊና በእጣቢ፣ በአመድም።"

ልጁ ቅጹን ወደ ላይ ወደ ታች አየው። ርዝመት የሚል አለ፣ ወርድ የሚል አለ፣ ጥልቀት የሚል አለ። "ጥልቀቱን ስንት ልበለው?" ሲል ጠየቀ። እማማ ከትከሻው በላይ ወረቀቱን እያዩ (ማንበብ አይችሉም) "ሳሳ ብሎ ነው የሚበተነው፣ ጥልቀት የለውም" አሉት። ልጁ ሦስቱንም ቦታ በሰረዝ ሞላው። ሰረዝ በሰረዝ ተባዝቶ ሰረዝ ሆነ፤ እማማ ኮምፖስት የሌላቸው አባወራ ተብለው ተመዘገቡ። አባወራ አለመሆናቸውም አልተስተዋለም።

አጠገባቸው ያለው ጎረቤት፣ በጥር የቆፈረው ጉድጓድ ባዶውን ተቀምጦለት ነበርና፣ በሜትር ኩብ ተለክቶ አንደኛ ወጣ። ሽልማቱ አንድ ጎማ ያላት የእጅ ጋሪ ነበረች፤ ፍግና ብስባሽ እንዲያመላልስባት። ጋሪዋ ሥራ አልፈታችም። በየገበያው ቀን ኩበት ጭኖባት ገበያ ይወርዳል፤ ጀርባው አረፈ፣ ሽያጩም በረከተለት። ዋና ደንበኛው እማማ ናቸው። ምርጥ ምርጡን መርጠው፣ ዋጋ ተከራክረው፣ በዚያችው ጋሪ ደጃቸው ድረስ ያስመጡታል፤ እንጀራቸውን ጋግረውበት ሲያበቁ አመዱን ዝቀው ጌሾው ሥር ይደፋሉ። ሰውዬው ሲያልፍ ሲያገድም በአጥሩ ቀዳዳ ጎመኑን ያያል፤ ምን እንደሚያደርጉበት ግን ጠይቋቸው አያውቅም፤ ሞዴሉ እሱ ስለሆነ።